«አናሳ» ያልኩባት የምሳ ሰዓት ዜና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ራዲዮ አልከፍትም። ጎረቤቴ ከፍቶ ሲሰማ መስኮቴን እዘጋለሁ፤ ሙቀቱን እችለዋለሁ፣ ዜናውን ግን አልችለውም። ይህን ያህል ዘመን በድምፄ እንጀራ የበላሁ ሰው እንዲህ ስል የሚሰማኝ ይገረማል። ባጃጅ ተሳፍሬ «ታይዋን ገበያ አድርሰኝ» ስል ሾፌሩ በመስታወቱ መላልሶ ያየኛል።

«አባዮ አስቴር አይደለሽም? የራዲዮዋ?»

«ነኝ።»

«ምነው ጠፋሽ?»

«አረጀሁ» እለዋለሁ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው፤ ከተማው የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። መልሴ ግን ውሸት ነው። ሥራዬ ከእኔ ቀድሞ አልቋል። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ማይክራፎን ፊት ተቀምጬ ያለቀ ሥራ ነበር የምሠራው፤ ደመወዙም ሳይቋረጥ ይገባ ነበር፣ አመስጋኝ ነኝ።

የተወለድኩት እዚሁ ጅግጅጋ ነው። አያቴ በወታደርነት መጥቶ ቀረ፣ አባቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነ። እኔ ቤት ውስጥ በአማርኛ እየተቆጡኝ፣ ደጅ በሶማሊኛ እየተሳደብኩ አደግሁ። ሥራ የጀመርኩት በጅቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ጉምሩክ ነው፣ በአስተርጓሚነት። ደወሌ ማለት ሙቀት፣ ባቡርና ክርክር ነው። ነጋዴው በሶማሊኛ ይምላል፣ ፈታሹ በአማርኛ ይቆጣል፣ እኔ መሐል ቆሜ ሁለቱንም አለሳልሳለሁ። ስድብ ሲተረጎም ቁጣው ይድረስ እንጂ ቃሉ መድረስ እንደሌለበት እዚያ ተማርኩ። ከዚያ ጅግጅጋ ፍርድ ቤት ተዛወርኩ። ያ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ካልደረሰ ሰው ያለ ጥፋቱ ይታሰራል። ሁለቱን ልማድ ይዤ ራዲዮ ጣቢያው የአማርኛ ክፍል ገባሁና አንዱም እንደማይበቃኝ በመጀመሪያው ቀን ታወቀ።

ያሳወቀኝ አርታኢው አደር ሙሴ ነው። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ለታላቅ ሰው ክብር ይባላል። አደር ሙሴ የአዲጋላ ልጅ ነው፤ አባቱ የድሮው ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ አማርኛውንም የተማረው ከባቡር ሠራተኞች ስለሆነ ሲናደድ አማርኛው ጩኸት ይበዛበት ነበር። የሶማሊኛውም የአማርኛውም ዜና በእጁ ነው የሚያልፈው። የመጀመሪያ ዜናዬን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ፤ ተቀምጦ ዜና አያነብም፣ «ተቀምጠሽ የጻፍሽው ይተኛል» ይል ነበር። ከዚያ ወረቀቱን መለሰልኝና «መብራት ሄደ» አለኝ።

አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁ። በርቷል።

«መብራት ሄደ እልሻለሁ። አሁን መጣ። ሰውየው ራዲዮኑ ከመሐል ጀመረለት። ምን ሰማ?»

ከመሐሉ አነበብኩት። «ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ» ይላል። የት፣ እነማን፣ አይታወቅም።

«አየሽ? አስታረቅሻቸው፣ ግን ማንን እንደሆነ አላህ ይወቅ።»

የአደር ሙሴ ትምህርት በሙሉ ይህ ነበር ማለት ይቻላል። ጅግጅጋ ውስጥ መብራት የሚሄደው ዜና መጀመሩን ጠብቆ ይመስል ነበር፤ ስለዚህ ዜና የሚጻፈው መብራት ሲመጣ ከመሐል ለሚሰማ ሰው ነው። የአገሩ ስም አንድ ጊዜ ተጠርቶ አይበቃም፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳይሞላ ይደገማል። «እሱ»፣ «ይኸው አካል»፣ «ከላይ የተጠቀሰው» ክልክል ነው፤ ራዲዮ ላይ «ከላይ» የሚባል ነገር የለም ይል ነበር። አስቸጋሪ ቃል ሲገጥመው ደግሞ ስልኩን አንስቶ ቤቱ ለሚስቱ ይደውላል። ዜናውን ያነብላትና «ምን አልኩ?» ሳይሆን «ምን ሰማሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷ ሥራ ላይ ከሆነች ትሰድበዋለች፣ እሱ ስድቡን ተቀብሎ መልሶ ይጠይቃል። ሚስቱ የሰማችው እሱ ካሰበው የተለየ ከሆነ ቃሉ ይወድቃል፤ መዝገበ ቃላት ቢመሰክርለትም አይድንም። እኔም ይህን ልማድ ወርሼ ወንድሜ ታደሰ ዘንድ እደውል ነበር።

ታደሰ ታናሼ ነው። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ነበረው፤ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ቧንቧ። በ2010 ክረምት ከተማችን ላይ ያ ክፉ ቀን ሲመጣ ሱቁ ተቃጠለ። በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያንም ነደደ፣ ሰውም ሞተ፤ እኔ አሁን ያን ለመተረክ አቅም የለኝም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ታደሰ ከአመዱ ውስጥ የቀለጠ ሚስማር አንስቶ «እትዬ፣ በቃኝ፣ አዳማ እገባለሁ» አለኝ። ለመንኩት። ሚስቱን ለመንኳት። የዚያን ጊዜ ሜሮን የምትባለው ልጃቸው ገና አፏን መፍታቷ ነበር፤ እሷን አቅፌ አለቀስኩ፣ ይህም አልቀረኝም። እኔ ልጅ የለኝም፣ ባሌም ሞቷል፤ ታደሰ ከሄደ እዚህች የተወለድኩባት ከተማ ውስጥ ቡና ጠጡ የምለው ሰው አይኖረኝም። ያስቀረው ግን የኔ ልቅሶ ብቻ አልነበረም። ጎረቤቶቹ ሶማሌዎች ናቸው በእሳቱ ቀን ቤታቸው የደበቁት። አደር ሙሴም መጥቶ አመዱ ላይ አብሮት ቆመ። ከወራት በኋላ፣ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ የነበረው የአማርኛው ዜና ዳግም ሲከፈት አደር ሙሴ ታደሰን «ድምፃችሁ አየር ላይ እስካለ ድረስ እናንተ የዚህ ከተማ ሰዎች ናችሁ» አለው። ታደሰ ሱቁን መልሶ ሠራ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜና የማነበው ለከተማው ይመስል ነበር እንጂ ለአንድ ሰው ነው፣ ወንድሜን ጅግጅጋ ላይ ለማቆየት።

ከ2013ቱ አገር አቀፍ ምርጫ በፊት ከአደር ሙሴ ጋር ወደ ሰሜን ወረድን፣ አድማጭ ከእኛ ምን እንደሚሰማ ለመጠየቅ። እሱ ያዘዘው ጉዞ ነው እንጂ ማንም አላዘዘንም፤ ለአበሉ ወረቀት ስንት ቢሮ እንደዞርኩ ባልናገር ይሻላል። አዲጋላ ደረስን፣ አገሩ ነው፣ ሰው ሁሉ ያቅፈዋል። አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አደር ሙሴ «ስለ ምርጫው ከራዲዮናችን ምን ሰማችሁ?» አላቸው።

«ድምፃችሁን ስጡ ትላላችሁ» አሉ ሽማግሌው። «እኔም ልሰጥ ነበር። ግን እንደምትሰማው ድምፄ ሻክሯል፣ ለራዲዮን አይሆንም። የልጄን ውሰዱ፣ እሱ ጥሩ ይዘፍናል።»

ድምፅ በሶማሊኛም እንደ አማርኛው ነው፤ ከጉሮሮ የሚወጣውም፣ ኮሮጆ ውስጥ የሚገባውም በአንድ ቃል ይጠራል። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ዞር አልኩ። አደር ሙሴ ግን አልሳቀም። እስከ ደወሌ ድረስ መኪና ውስጥ ተክዞ ሄደ። ደወሌ ስንገባ «ስንት ወር ሙሉ ስናስተምር ከረምን፣ ሰውየው የሰሙት ዘፈን ነው» አለኝ። «ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። ነገሩን ሳያዩት ቃሉን ላክንላቸው።» ከዚያ በኋላ «ድምፅ ስጡ» የሚለውን ትቶ «ካርድ ይዛችሁ ሄዳችሁ ምረጡ» ማለት ጀመርን።

የኛ ክልል ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ከሌላው አገር ተለይቶ ወደ መስከረም 2014 ተገፍቶ ነበር። ከኛ ቀደም ብሎ፣ በዚያው መስከረም፣ ካናዳ ምርጫ አካሄደች። ጅግጅጋ ውስጥ ካናዳ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ስለሚቸግር ዜናው እንደ ሰፈር ወሬ ነበር የሚጠበቀው። ውጤቱ ወጣ። ሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ ከሌሎቹ ሁሉ ብዙ ወንበር አገኘ፣ የፓርላማውን ግማሽ ግን አልሞላም። እንዲህ ያለው ፓርቲ ብቻውን መንግሥት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሕግ ባወጣ ቁጥር የሌሎችን ድጋፍ መለመን አለበት፣ ድጋፍ ካጣ ይወድቃል። ከአዲስ አበባው ማእከል የመጣልን የአማርኛ ጽሑፍ ይህን «አናሳ መንግሥት» ይለዋል።

አደር ሙሴ ቃሉን ሲያይ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ቆመ። «አባዮ፣ አናሳ እዚህ ከተማ ማን ነው?»

«እኛ ነና» አልኩት። እውነቴን ነው። በየስብሰባው አዳራሽ እኔንና ታደሰን የመሰለ ሰው ሁሉ ስሙ «አናሳ ማኅበረሰብ» ነው። ቃሉ ጅግጅጋ ውስጥ የፓርላማ ወንበር ሆኖ አያውቅም፣ ሁልጊዜ ሰው ነው።

«እንግዲያው አይሆንም።»

ሌላ ቃል ፍለጋ ገባን። «ጎዶሎ መንግሥት» አልኩ፤ ስድብ ነው አለ። «ደካማ መንግሥት» አለ፤ ያ ዜና ሳይሆን አስተያየት ነው አልኩት። ሁለታችንም በዕድሜያችን ግማሽ ሳይሞላ የመራ መንግሥት አላየንም፤ እኛ ዘንድ ያሸነፈ ጠራርጎ ነው የሚያሸንፈው፣ ስለዚህም ስም አላወጣንለትም። በመጨረሻ «ከግማሽ በታች ወንበር የያዘ መንግሥት» ብለን ጻፍን። ረጅም ነው፣ ግን ማንም ሰው የለበትም። እሱ በሶማሊኛው እንደዚያው አደረገ። «ካናዳ» የሚለውንም በየመስመሩ ዘራነው። ታደሰ ዘንድ ደውዬ አነበብኩለት። «ካናዳ ግማሽ አልሞላላቸውም፣ እና እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ደስ አለን፣ ዜናው ደርሷል ማለት ነው።

የዜና ክፍሉ ኃላፊ አቶ ፋይሰል ነበር። የክልሉ ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ ጨዋ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው። ክፉ ነበር ብዬ ብጽፍ ነፍሴ ትቀል ነበር፣ አልነበረም። የሶማሊኛውን ለአደር ሙሴ ይተወዋል፣ የአማርኛውን ግን ራሱ ያያል፣ ምክንያቱም የአማርኛው ማእከል ድረስ ይሰማል። ወረቀቴን አየና እስክርቢቶውን አነሣ።

«አስቴር፣ ከማእከል የመጣው አናሳ መንግሥት ነው የሚለው።»

«አዎ፣ ግን እዚህ አገር ቃሉ ሌላ ነው። አደር ሙሴም ብሎሃል።»

«ገብቶኛል። ነገር ግን ሳምንቱን ታውቂዋለሽ። በምርጫ ሳምንት ዜና ለወጡ ብንባል ሁላችንም ነን የምንጠየቀው። ቃሉ ትክክል ነው፣ ከነሱ ነው የመጣው፣ እንዳለ እናንብበው። ካናዳ ካናዳም አበዛችሁት፣ የልጆች መዝሙር አስመሰላችሁት እኮ።»

አደር ሙሴ ተከራከረ፣ ጮኸ፣ የባቡር አማርኛውን አወጣው። ፋይሰል በትዕግሥት ሰማውና አልተለወጠም፤ «ካናዳ» የሚለውንም ከመጀመሪያው መስመር በቀር ሰረዘው። ሰዓቱ ደረሰ። ገባሁ። ያነበብኩት ከነሥርዓተ ነጥቡ አይረሳኝም። «ምርጫውን ተከትሎ ገዢው ፓርቲ አናሳ መንግሥት ይመሠርታል።»

ሰዋስው ለሚያውቅ ምንም ስህተት የለበትም። ፓርቲው ይመሠርታል፣ የሚመሠረተው አናሳ መንግሥት ነው። ነገር ግን ከፊቱ «ገዢው ፓርቲ» የሚለውን ቁረጡትና አንብቡት። «አናሳ መንግሥት ይመሠርታል» ይላል። አሁን መሥራቹ አናሳው ራሱ ሆነ።

መብራቱ የመጣው እዚያ ላይ ነው።

ከስቱዲዮ ስወጣ ምንም አላወቅሁም። ጄኔሬተር ስላለን የከተማው መብራት ሄዶ እንደነበር እንኳ አልሰማሁም። በኋላ ሰው አንድ በአንድ ነገረኝ። ከታይዋን ገበያ በታች ያሉት ሱቆች መብራት ሲመጣላቸው ራዲዮኖቹ አብረው ተነሡ፣ የሁሉም የመጀመሪያ ቃል «አናሳ መንግሥት ይመሠርታል» ሆነ፣ በእኔ ድምፅ። ከዚያ ወደ ስፖርት አለፍኩ። አማርኛ ሰሚው ደነገጠ። እኛን ነው የሚሉት፣ ይህን የሰማ ምን ያደርገናል ብሎ አንዱ መዝጊያውን ጎተተ። ሌላው አንዱ ሲዘጋ አይቶ ዘጋ። ሶማሌው ጎረቤት ደግሞ ሐበሻው በቀትር ሱቅ ሲዘጋ አይቶ «ምን የሚያውቁት ነገር አለ?» ብሎ እሱም ፈርቶ ዘጋ። ማንም ማንንም አልነካም፣ ድንጋይ እንኳ አልተወረወረም። መንገዱ ብቻ ባዶ ሆነ፤ ጅግጅጋን በዚያ ሰዓት ባዶ ያየ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ክረምት ነው።

ወደ ታደሰ ሮጥኩ። ዘግቶ ቤቱ ገብቷል፣ ሜሮንን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ አጠገቡ አስቀምጧታል።

«ታዴ፣ ካናዳ ነው እኮ! ጠዋት ያነበብኩልህ ነው!»

«አውቃለሁ እትዬ» አለኝ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር፣ ያ ነው ያስፈራኝ። «እኔ ዘንድ መብራት አልጠፋም፣ ከመጀመሪያው ሰምቼዋለሁ። ካናዳ መሆኑን አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዘጋህ?»

«ካናዳ መሆኑ እስኪጣራ ማን ይጠብቀኛል?»

ሜሮን አጠገብ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ጣቢያው በር ላይ ሰዎች ተሰበሰቡ፣ ከሽማግሌዎችም ከወጣቶችም። የመጡት በኔ ላይ አይደለም፣ በአደር ሙሴ ላይ ነው። ከመካከላቸው አንድ ጨዋ ሽማግሌ በሶማሊኛ እንዲህ አሉት፤ «ሙሴ፣ ለእኛ በሶማሊኛ ካናዳ ውስጥ ግማሽ ያልሞላ መንግሥት አልከን። ለእነሱ በአማርኛ አናሳ መንግሥት ይመሠርታል አልካቸው። እኛ ሁለቱንም እንሰማለን። አንዱ ውሸት ነው። የትኛው ነው?»

«ሁለቱም አንድ ነው» አለ አደር ሙሴ።

«አንድ ከሆነ ለምን በአንድ ቃል አልነገርከንም?»

እንግዲህ ተመልከቱ። ለማንም እንዳይቆረቁር ብሎ ለሶማሊኛው የመረጠው ቃል መደበቂያ ተባለ። ተጠንቅቆ ባይሆን ኖሮ፣ የመጣለትን ቃል እንዳለ ወርውሮት ቢሆን ኖሮ፣ ማንም በሩ ላይ አይቆምም ነበር። «ኃላፊው ነው ያዘዘው» ማለትም ይችል ነበር። አላለም፤ ፋይሰልን ለዚያ ሕዝብ አሳልፎ መስጠት አልሆነለትም። እኔ ቴፑን አምጥቼ የሁለቱንም ቋንቋ ዜና ከመጀመሪያው አሰማኋቸው። ሲያልቅ አንድ ወጣት «ይህ ዛሬ የቀዳችሁት ነው» አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስንት ዓመት የገነባነው እምነት ነበር፤ እዚያ በር ላይ ማለቁን በዓይኔ አየሁ።

ማስተባበያ እናንብብ ብዬ ፋይሰል ዘንድ ገባሁ። ፊቱ አመድ መስሏል፣ እሱም ሌሊቱን አልተኛም።

«ምን ብለን?» አለኝ። «ስህተት የለማ። ትናንት ያልነው ሁሉ እውነት ነው።»

ተቀምጬ ሞከርኩ። «አናሳ የተባላችሁት እናንተ አይደላችሁም» ብዬ ጻፍኩ፤ ይህን የሰማ ሰው ታዲያ ማን ነው ይላል። «መንግሥት የሚመሠርተው ካናዳ ውስጥ ያለ አናሳ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱም ውሸት ነው። ቃሉን ሳልጠራ ቃሉን ማስተባበል አልቻልኩም፣ በጠራሁት ቁጥር ደግሞ እንደገና እዘራዋለሁ። አደር ሙሴ ከበስተኋላዬ ቆሞ የጻፍኩትን ሁሉ ያነባል። አንድም አላረመም። በመጨረሻ «ተዪው አባዮ» አለኝና ኮቱን አነሣ። ከምርጫው በፊት «ዕረፍት ውሰድ» ተባለ፣ ዕረፍቱም ወደ ጡረታ ተለወጠ። የመሸኛ ሻይ እንኳ አልተፈላለትም።

ታደሰ በዚያው ሳምንት አይሱዙ ተከራየ። ሱቁን ለጎረቤቱ ሸጠ፣ ምን ያህል ከስሮ እንደሸጠ አልጠየቅሁትም። እኔ ልብስ አጣጥፋለሁ፣ ሚስቱ ዕቃ ትጠቀልላለች፣ ሜሮን ከጎረቤት ልጆች ጋር በሶማሊኛ እየተጯጯኸች ፍራሹ ላይ ትዘላለች። አደር ሙሴ መጣ። በእግሩ ነው የመጣው፣ አቧራ ለብሶ። ሰላምታውን ጨርሶ ታደሰ ፊት ቆመ።

«ወላሂ አትሄድም። የት ትሄዳለህ? አዳማ ማን አለህ? እዚህ ተወልደህ፣ አባትህ እዚህ ተቀብሮ!»

«አደር፣ ይቀመጡ እስቲ።»

«አልቀመጥም። እኔን አታምነኝም? ያን ጊዜ አብሬህ አልቆምኩም? ማን ይነካሃል እኔ እያለሁ? ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ነው እኮ፣ በአንድ የማይረባ ቃል! ነገ ይረሳል።»

ታደሰ ገመዱን እየቋጠረ ነበር። ለቀቀውና ሁለት እጁን አደር ሙሴ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ወንድሜ ለታላቅ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፣ የዚያን ቀንም አላደረገም።

«አደር፣ እርስዎንማ አምናለሁ፤ ከራሴ ቤተ ሰብ ለይቼ አላይዎትም። ግን እንደ እርስዎ ያለው ስንት ነው? እርስዎም እኮ አናሳ ነዎት።»

አደር ሙሴ ዞሮ ገመዱን በሌላው ወገን ያዘና ማሰር ጀመረ። ሁለቱ አብረው ጫኑት። መኪናው ወደ ካራማራ መንገድ ሲታጠፍ አደር ሙሴ አብሮኝ ቆሞ ነበር፤ ሁለታችንም አላለቀስንም፣ ደክሞን ነበር።

ከቀናት በኋላ ክልላችን መረጠ። ሰልፉ ረጅም፣ ፀሐዩ ከባድ ነበር። ውጤቱን በአማርኛ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ እንደተጠበቀው ነበር፣ የሚያስቸግር ቃልም አልነበረበትም። ስጨርስ ደውዬ «ምን ሰማህ?» የምለው ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም። ከዚያም እስከ ጡረታዬ ድረስ ስንት ዜና እንዳነበብኩ እንጃ። የአገር ስም ልድገም አልድገም ግድ አልሰጠኝም። የመጣልኝን ቃል እንደመጣ አነበብኩ፣ ፋይሰልም ሥራዬ ተሻሽሏል ብሎ ጻፈልኝ። አደር ሙሴ አዲጋላ ገባ። ስደውልለት ጤናዬን ይጠይቃል፣ ዝናቡን ይነግረኛል። ስለ ሥራ ሳነሣበት «አባዮ፣ ተዪኝ» ብሎ ዘጋብኝ።

ባለፈው ሰሞን ታደሰ ከአዳማ ደወለ። ሥራው መልካም ነው፣ ቤቱም ሰፊ ነው አለ። ድምፁ ግን ደስ አላለኝም።

«ምን ሆነሃል?»

«ሜሮን ናት» አለኝ። «ትምህርት ቤት እየሄደች አይደለም። ክፍል ውስጥ ተናዳ በሶማሊኛ ተናግራ ነበር መሰለኝ፣ አፏ ለምዶባታል። ስሟን ትተው ‹ሶማሌዋ› እያሉ ይጠሯታል። አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ትናንት ማታ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹አባ፣ እኛ ምንድን ነን?› አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ምንም። ነገ እነግርሻለሁ አልኳት። እትዬ፣ አንቺ ይህን ሁሉ ዘመን ቃል ስትመርጪ የኖርሽ ሰው ነሽ። ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ብዬ ልመልስላት?»

ያለኝን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ሞከርኩት፣ በአማርኛም በሶማሊኛም። ለልጅ የሚሰጥ አንድም አጣሁ።

«ሌላ ትምህርት ቤት ፈልግላት» አልኩት። «እዚያ ስትገባም በሶማሊኛ እንዳትናገር ንገራት።»